የጀልባ ወለል ፎምን ከፀሐይና ከሙቀት ማዳን፦ የሥራ ማስታወሻ

መጀመሪያ፣ ዞሮ ማየት

ጀልባዋ ክፍት የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። ርዝመቷ ስድስት ሜትር ግድም ነው። ወለሏ ኢቫ በሚባል ለስላሳ የፕላስቲክ ፎም ተለብጧል። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ነው፤ ላዩ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ሥሩ ጥቁር። እንጨት እንዲመስል መስመር መስመር ተቦርቡሮለታል። ጀርባው ራሱ ማጣበቂያ አለው። እንዲህ ያለ ወለል ለእግር ይመቻል፣ አያንሸራትትም፣ የማዕበሉን ምት ያለዝባል። ፀሐይ ግን አይችልም። ጀልባ ደግሞ ከፀሐይ የምትሸሸግበት ቦታ የላትም።

ዛሬ ምንም መሣሪያ አላነሳሁም። በዓይኔና በእጄ ብቻ ዞርኩት። ጉዳቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ቀድሞ መለየት የሥራው ግማሽ ነው።

ከፊት በኩል፣ ጥላ የሚባል ነገር በማያውቀው ክፍል፣ ቀለሙ ለቋል። ጣቴን ሳሽበት ዱቄት ይዞ ይመጣል። ጠርዙን ትንሽ ሳጥፈው ላዩ ላይ ደቃቅ ስንጥቆች ይታያሉ። ይህ የብርሃን ጉዳት ነው።

መሪው አካባቢ ቀለሙ ደህና ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ ንጣፎች የሚገናኙበት ክፍተት ግን ሰፍቷል፤ ትንሿ ጣቴ ትገባለች። ማዕዘኖቹም ወደ ላይ ተገልብጠዋል። ይህ የሙቀት ጉዳት ነው።

ከንፋስ መከላከያው መስታወት በስተኋላ ደግሞ አንድ ቀጭን፣ ቀስት የሚመስል መስመር አለ። እዚያ ላይ የፎሙ ሻካራነት ጠፍቶ ያብለጨልጫል። ቀልጧል። ይህም ሙቀት ነው፤ ግን አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ብርሃን የሠራው ሙቀት ነው።

ከመቀመጫው ሥር ያለው ግን ልክ እንደ አዲስ ነው። ከዚያው ጥቅል የተቆረጠ፣ በዚያው ጊዜ የተለጠፈ፣ ያንኑ ውሃ ያገኘ ፎም ነው። ልዩነቱ ጥላ ብቻ።

ምን እየሆነ ነው?

ኢቫ ከኤቲሊንና ከቪኒል አሲቴት የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። የስፖርት ጫማ ሶል ውስጥ ያለው ለስላሳ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ለጀልባ የሚሠራው ፎም ውስጡ እርስ በርስ በማይገናኙ ጥቃቅን የጋዝ ከረጢቶች የተሞላ ነው። ውሃ የማይመጠው ለዚህ ነው። በሙቀት የሚቸገረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጋዝ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ የወጣ ጋዝ የሚያግደው ነገር ባይኖር 14 በመቶ ያህል ይሰፋ ነበር። በዚያው ሰዓት የከረጢቶቹ ግድግዳ እየለሰለሰ ነው። የኢቫ መቅለጫ እንደ አሠራሩ ይለያያል፤ በጥቅሉ ከ70 እስከ 100 ዲግሪ መካከል ነው። መለስለስ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ቀን ቀን ፎሙ ያብጣል። ከጋዙም ጥቂቱ በግድግዳው ሾልኮ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ፎሙ ከበፊቱ ትንሽ ያንሳል። ፋብሪካ ውስጥ ሲወጠር የያዘው ውጥረትም አለ፤ ሙቀት ሲያገኘው ይላቀቅና ፎሙን ይሰበስበዋል። መሐሉን ማጣበቂያው ይዞታል። የሚሸነፈው ጠርዙ ነው። መሪው አካባቢ ያየሁት ክፍተት የመጣው ከዚህ ነው።

ብርሃን ሌላ ሥራ ይሠራል። አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር የፕላስቲኩን የሞለኪውል ሰንሰለት ይበጥሳል። ኦክስጅን በተበጠሰው ላይ ይገባል። ላዩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ዱቄት ይሆናል። ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ይህ ከላይ ባለው ስስ ሽፋን ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የፊተኛውን ንጣፍ በምላጭ ቀጭን አድርጌ ስሸርፈው ከሥሩ ጤነኛ ግራጫ ወጣ።

ሁሉም ነገር የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። መሬት ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ውስጥ አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው የሚታይ ብርሃንና ታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ጨረር ነው፤ ሁለቱም ያሞቃሉ። ይህ ማለት አልትራቫዮሌትን መቶ በመቶ የሚያግድ ቅባት ቢገኝ እንኳ ፎሙ እንደ ወትሮው መጋሉ አይቀርም። በጠርሙስ የሚሸጥ መከላከያ ለአንዱ በሽታ እንጂ ለሁለቱም አይደለም። ብዙ ሰው አንዱን ቀብቶ ሌላውን ሲያይ ምርቱ አታለለኝ ይላል። ምርቱ ላያታልል ይችላል፤ የታዘዘው ለሌላ በሽታ ነው እንጂ።

የጥቁር ቀለምም ነገር አስቂኝ ነው። ፕላስቲክን የሚያጠቁረው የካርቦን ብናኝ ከአልትራቫዮሌት መከላከያዎች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት ነው። ያው ጥቁረት ሙቀቱን አግበስብሶ ያስገባል። ከአንዱ ጠላት አድኖ ለሌላው አሳልፎ ይሰጣል።

ቴርሞሜትር ይዞ መዋል

ከርቀት በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ተውሼ አመጣሁ። ግንባር ላይ የሚደቀነው ዓይነት አይሆንም። እሱ ለሰው ሙቀት ነው የተሠራው፤ የጀልባ ወለል ከአቅሙ በላይ ነው።

ሰማዩ ጥርት ብሏል። አየሩ በጥላ 31 ዲግሪ ነው። ነፋስ የለም ማለት ይቻላል። እኩለ ቀን ላይ ግራጫው ፎም 61 አነበበ። ጥቁሩን በቁራጭ ለብቻው ስለካው 66 ሆነ። ነጩ ፋይበርግላስ 42። ከመቀመጫው ሥር ያለው ያ ጤነኛ ፎም 33።

በዚህ ቴርሞሜትር የሚለካ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ለፎም፣ ለጨርቅና ለቀለም ጥሩ ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ግን ይዋሻል። የጎኑን የማይዝግ ብረት ስለካው 35 አለኝ፤ በእጄ ግን ልይዘው አልቻልኩም። ቴርሞሜትሩ ያነበበው ብረቱ ላይ ያረፈውን የሰማይ ነጸብራቅ ነው። ብረቱ ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፎ በፕላስተሩ ላይ መለካት ይሻላል።

እግርም ይዋሻል፤ በተቃራኒው በኩል። ፎም ሙቀትን የሚያስተላልፈው በጣም ቀስ ብሎ ነው። 55 ዲግሪ የሆነ ፎም ላይ በባዶ እግር እየተንጠራወዙ ማለፍ ይቻላል። 55 ዲግሪ የሆነ ብረት ላይ አይሞከርም። ስለዚህ “እግሬን አላቃጠለኝም” ማለት ፎሙ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ቁጥሩ ወዲያው ወረደ። ጀልባዋ ስትንቀሳቀስም እንዲሁ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ስደፋበት ፎሙ ወደ 35 ወረደ፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ግን ተመልሶ ወደ ነበረበት ወጣ። ሰው ሳይሳፈር በፊት ውሃ መርጨት ለእግር ጥሩ ነው። ፎሙን ግን ቀኑን ሙሉ አያድነውም። ፎም የሚጎዳው ጀልባዋ ስትሄድ አይደለም። ሰው በሌለበት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ዝም ብላ ስትቆም ነው። የሚፈለገው መፍትሔ እንግዲህ ማንም ሳይኖር የሚሠራ ነው።

ስለ ቀለም የተነሳ ክርክር

መሪው አካባቢ ያለው ንጣፍ እንደሚቀየር ግልጽ ነው። ጀልባዋን አብሮኝ የሚንከባከበው ጓደኛዬ ጥቁሩን ነው የወደደው።

“ባክህ ጥቁሩን እናድርገው፤ ያምራል። ቆሻሻም አያሳይም” አለኝ።

ቴርሞሜትሩን ሰጠሁት። የጥቁሩን፣ የግራጫውንና የአሸዋማውን ቁራጭ ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ነበር። ጥቁሩና አሸዋማው መካከል ከ15 ዲግሪ በላይ ልዩነት ነበር። ዝም ብሎ ሦስቱንም ደጋግሞ ለካ።

“እሺ፣ አሸዋማው ይሁን። ግን ማጠቡ ያንተ ሥራ ነው።”

ተስማማን። እሱም ልክ ነው። ፈዛዛ ቀለም የእግር ዱካንና ቅባትን ያጋልጣል። በዚያ ላይ ፈዛዛ ማለት ነጭ ማለት አይደለም። ነጭ ወለል ብርሃኑን ወደ ዓይን መልሶ ይወረውራል፤ ውሃ ላይ ውሎ ለሚመለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሸዋማና ፈዛዛ ግራጫ መሐል ላይ ናቸው። ሥሩ ጥቁር ከሆነም በቦርቡሩ መስመር ብቅ ማለቱ አይቀርም፤ ሥሩም ጠቆር ያለ ቡኒ የሆነውን መረጥን።

ከመስታወቱ የመጣው መስመር

የቀለጠውን መስመር ምንጩን ሳላገኝ አዲስ ፎም ብለጥፍ ዋጋ የለውም። ነጭ ወረቀት ቀለጠ የተባለው ቦታ ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁ። ፀሐይ ወደ ጀልባዋ ኋላ ዞራ ዝቅ ስትል፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ወረቀቱ ላይ ደማቅ ቀስት ታየ። ጎባጣው የንፋስ መከላከያ ከውስጥ በኩል የፀሐዩን ብርሃን ሰብስቦ ወለሉ ላይ እየጣለው ነው። ቀስቱ ከፀሐይዋ ጋር ቀስ እያለ ይሄዳል። ጀልባዋ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስለምትቆም ግን በየቀኑ ያንኑ ቦታ ያልፍበታል።

ይህ በብዙ ጀልባ ላይ ያለ ነገር ነው። ጎባጣ መስታወት፣ የተወለወለ ብረት፣ ከመርከብ ማቆሚያው አጠገብ ያለ ሕንፃ መስኮት ሳይቀር ሊሠራው ይችላል። የውሃ ጠብታ ግን አይደለም። ጠብታ እንደ ሌንስ ሆኖ ፎም ያቃጥላል ሲባል እሰማለሁ። ፎሙ ላይ የተኛ ጠብታ የሚሰበስበው ብርሃን እዚያው ደርሶ የሚጠብብበት ርቀት የለውም፤ ውሃው ራሱም ያቀዘቅዘዋል።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ለመስታወቱ ለብቻው የጨርቅ ሽፋን ይሠራለታል፤ ጀልባዋ ስትቆም ይለብሳል። አቅጣጫዋን መቀየርም ይረዳል፤ ግን ማቆሚያው ሁልጊዜ አይፈቅድም።

ቁራጭ ለፀሐይ ማስጣት

በወሬ ከመመራት ብዬ ከአሮጌው ፎም ጤነኛ ክፍል ቁራጮች ቆረጥኩ። አንድ ጣውላ ላይ ደረደርኳቸው። የእያንዳንዱን ግማሽ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈንኩ፤ በኋላ ፎይሉ ሲነሳ የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ጎን ለጎን ይታያል።

አንዱ ምንም አልተቀባም። አንዱ ለጎማና ለቪኒል የሚሆን፣ ውሃ ወለድ (በውሃ የተበጀ) የአልትራቫዮሌት መከላከያ ተቀባ። አንዱ የመኪና ዳሽቦርድ ማብለጭለጫ፣ ያ የሲሊኮን ዘይት ያለበት፣ ተቀባ። ሌላው ደግሞ ሳይቀባ የችግኝ ማጥለያ (ለችግኝ ጥላ የሚሆን) መረብ ሥር ገባ። መረቡን ከቁራጩ በጣም ከፍ አድርጌ ወጠርኩት። ጣውላውን ጣሪያ ላይ አስጥቼ ወደ ሌላው ሥራ ሄድኩ።

እጥበት

አሮጌው ወለል የሚቀረው ክፍል መጀመሪያ ይታጠብ። ፈሳሽ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽ። በመስመሮቹ አቅጣጫ ከዚያም በአግድም ማሸት። ጨው፣ አሸዋና ቅባት እያሉ የሚቀባ መከላከያ ቆሻሻውን ነው የሚያሽገው።

በጣም ያስቸገረኝ የጸሐይ መከላከያ ቅባት ነው። ለቆዳ የሚቀባው። ቆዳን ያድናል፣ ፎሙ ላይ ግን ቢጫ የእጅ አሻራ ይተዋል። ቶሎ በሳሙና ከታጠበ ይለቃል። ፀሐይ ላይ ከከረመ አይለቅም ወይም በከፊል ይለቃል። የሚረጨው ዓይነት ከሁሉ የባሰ ነው፤ ግማሹ ወለሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ከመሳፈር በፊት መቀባት ይሻላል።

አሴቶን፣ ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ወደ ፎሙ አይጠጉም። ያሳብጡታል፣ ያቀልጡታል። በግፊት የሚረጭ የውሃ ማጠቢያ ካለ ውሃው በሰፊው የሚበተን ጫፍ ይደረግበት፣ ከሩቅ ይያዝ፣ ጠርዝ ላይ አይተኮስ። ውሃው ጠርዝ ሥር ከገባ ማጣበቂያውን ይፈለቅቃል።

የፊተኛውን ዱቄታም ንጣፍ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ ዳሰስኩት። የሞተው ሽፋን ተነሳ፤ ግራጫው ተመለሰ። ይህን እንደ ልማድ መያዝ አይቻልም። ፎሙ 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ሻካራው ጥለትም አብሮ ይጠፋል። ግን ገና የሚያገለግልን ንጣፍ ከመጣል ያድናል።

ማንሳት

የመሪው ንጣፍና የቀለጠው ክፍል ተነሱ። ከማዕዘን ጀምሮ፣ በሙቅ አየር መንፊያ እያሞቁ፣ ዝቅ ባለ አንግል ቀስ ብሎ መጎተት ነው። ከተቸኮለ ፎሙ ተቆርጦ ማጣበቂያው ወለሉ ላይ ይቀራል። ቢቸኩሉም ባይቸኩሉም ትንሽ ይቀራል። የቀረውን በፕላስቲክ መፋቂያ፣ ከዚያ በማጣበቂያ ማስለቀቂያ። የመጨረሻው መጥረጊያ አልኮል ነው። ይህ ከሥራው ሁሉ የሚያሰለቸው ክፍል ነው፤ ሙዚቃ ያስፈልገዋል።

ማጣበቅ

አዲሱ ንጣፍ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ፈትቼ ጥላ ውስጥ ዘርግቼ አሳደርኩት። ውጥረቱን ይልቀቅ፤ ሙቀቱም ከአካባቢው ጋር ይስተካከል። እንደመጣ የተለጠፈ ንጣፍ መሰብሰቡን ወለሉ ላይ ነው የሚጨርሰው።

የተለጠፈው በማለዳ ነው። ቀትር ላይ ያበጠ ፎም ማጣበቅ ማለት ማታ ክፍተት መጥራት ነው። በጣም በቀዘቀዘም ሰዓት ማጣበቂያው አይነክስም። ብዙዎቹ በግፊት የሚይዙ አክሪሊክ ማጣበቂያዎች ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲለጠፉ ነው ጥሩ የሚይዙት። ወለሉ ጥላ ውስጥ መሆን አለበት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሸራ ወጥረን ከሥሩ ሠራን።

ሳይላጥ ቦታው ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ምልክት አደረግሁ። በንጣፎቹ መካከል 5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተውኩ። ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ጎን ለጎን ተጣብቀው ከተቀመጡ በሙቀት ይጋፉና መገናኛው ላይ ይነሳሉ።

የጀርባውን ወረቀት ከአንድ ጫፍ ጥቂት ብቻ ገልጦ፣ ያንን አስይዞ፣ ከዚያ እየሳቡ መሄድ። ፎሙን መወጠር የለም። እንዳይደርስ ፈርተው ትንሽ ሲጎትቱት የሚታዘዝ ነው፤ የጎተቱትን ያህል ግን ቆይቶ ይመለሳል። ከዚያ ሮለር ነው። ማጣበቂያው የሚይዘው በግፊት ነው፤ በእጅ መዳሰስ አይበቃውም። ጠርዞቹን ሁለት ጊዜ አስኬድኩባቸው።

እንዲህ ያለ ማጣበቂያ በክፍል ሙቀት ከ20 ደቂቃ በኋላ የጉልበቱን ግማሽ ያህል ይይዛል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ 90 በመቶ፤ ሙሉውን የሚያገኘው ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ጀልባዋ ከፀሐይም ከውሃም ከሰው እግርም ተጠበቀች። ጓደኛዬ በሁለተኛው ቀን መውጣት አማረው። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር።

ጥላ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። የቀረው ሁሉ ለዚህ ዝግጅት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ጥላ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን በቁራጭ ፎም ፈተንኩት። አንዱን በሚያሳይ ላስቲክ ሸፈንኩ፤ ላስቲኩ ፎሙ ላይ ተኝቷል። ምንም ካልለበሰው ጎረቤቱ የበለጠ ጋለ። ብርሃኑ ይገባል፣ አየሩ አይወጣም፣ ነፋስ አይደርስበትም። ሁለተኛውን በጠቆረ ሸራ ሸፈንኩ፤ ሸራውም ፎሙ ላይ ተኝቷል። አልትራቫዮሌቱ ቀረ፣ ሙቀቱ ግን ከሸራው ወደ ፎሙ ተሻገረ። ሦስተኛው ላይ ያንኑ ሸራ በአራት እንጨት ከፍ አድርጌ ወጠርኩት፤ ጎኑን ክፍት ተውኩት። ፎሙ ከአየሩ ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የበለጠው። ጨርቁ ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው በመካከል የሚያልፈው አየር ነው።

ስለዚህ የጀልባዋ ሽፋን የተሠራው አየርን ታሳቢ አድርጎ ነው። መሐሉ ላይ ከፊት እስከ ኋላ ከፍ ያለ ጀርባ አለው። የተቆሙት ምሰሶዎች ናቸው የሚያነሱት። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ኩሬ ሠርቶ አይጎብጥም። ሁለቱ ጫፎች ላይ፣ ከፍ ባለው ቦታ፣ በመረብ የተሸፈነ መተንፈሻ አለ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። ከታች በጎኖቹ ቀዝቃዛው እንዲገባ ሽፋኑ ከጀልባዋ ጠርዝ ትንሽ ይርቃል። ያለ መተንፈሻ የተዘጋ ሽፋን ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን እርጥበቱንም ያፍነዋል፤ ከዚያ ፎሙ መስመሮች ውስጥ ሻጋታ ይመጣል።

የምሰሶዎቹ እግር በቀጥታ ፎሙ ላይ አያርፍም። ከሥራቸው ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ጣውላ ገባ። በአንድ ነጥብ ላይ የቆመ ክብደት በሞቀ ፎም ላይ ጎድጓዳ ይሠራል።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ሰማያዊው የፖሊኤቲሊን ሸራ ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ። ግን ራሱ ፀሐይ አይችልም። ይቆራረሳል፤ በነፋስ ሲርገበገብም የፋይበርግላሱን አንጸባራቂ ሽፋን ይፍቃል። እኛ የወሰድነው ክሩ ሳይፈተል በፊት ቀለም የገባበት አክሪሊክ ጨርቅ ነው። ቀለሙ ላዩ ላይ የተቀባ ስላልሆነ ቶሎ አይለቅም፤ ውሃ ይከላከላል፣ ግን ይተነፍሳል። ፖሊስተር በጥንካሬ ይበልጠዋል፣ በፀሐይ ረገድ ግን ያንሳል። ከላይ የሚታየው ቀለም ፈዛዛ ነው። እዚህ ጓደኛዬ ክርክር አላነሳም።

ለአጭር መቆሚያ፣ ለምሳ ያህል ስንወርድ፣ ሙሉውን ሽፋን ማንም አይለብሰውም። ይህን በሐቀኝነት ማሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከችግኝ ማጥለያው መረብ አንድ ቁራጭ ጫፎቹን አጥፈን መንጠቆ አደረግንለት። አንድ ሰው በቅጽበት ይወጥረዋል። ዝናብ አያግድም፣ ሙሉ ጥላም አይሰጥም፣ አየር ግን እንደልቡ ያሳልፋል። በተለይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ መዘርጋት አለበት፤ ከቀኑ አልትራቫዮሌት 60 በመቶ ያህሉ የሚወርደው በዚያ ውስጥ ነው። ደመና አለ ብሎ መተውም አያዋጣም። ስስ ደመና ሙቀቱን ይቀንሳል፤ አልትራቫዮሌቱን ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል።

ቁራጮቹ ምን አሉ

ጣውላውን ከጣሪያ አወረድኩ። ፎይሎቹን አነሳሁ።

ያልተቀባው ላይ ድንበሩ በግልጽ ይታያል፤ የተጋለጠው ወገን ፈዝዟል። ውሃ ወለዱ የተቀባበት ላይ ድንበሩ አለ፣ ግን መፈለግ ይጠይቃል። ሠርቷል ማለት ነው። በየጊዜው መታደስ ግን አለበት፤ ውሃና እግር ያነሱታል። ሲቀባም ስስ ተደርጎ፣ ትርፉ በጨርቅ ተጠርጎ ነው። ካልተጠረገ ያዳልጣል።

የዳሽቦርዱ ማብለጭለጫ የተቀባበት አቧራ ይዞ ጠቁሯል። ውሃ አርከፍክፌ ብረግጠው እግሬ ሄደ። ጀልባ ወለል ላይ ይህን መቀባት ሰው መጣል ነው። በዚያ ላይ የሲሊኮን ዘይት የነካው ቦታ ወደፊት ማጣበቂያ አይቀበልም።

መረቡ ሥር የነበረው፣ ምንም ሳይቀባ፣ ውሃ ወለዱን ከተቀባው ጋር እኩል ነው። መጠኑን ስለካ ደግሞ ይበልጠዋል፤ ፀሐይ ላይ ከነበሩት ሁሉ ያልተሰበሰበው እሱ ብቻ ነው። የተቀባውም ያልተቀባውም እኩል አጥረዋል። ቅባቱ ቀለም አዳነ፣ ርዝመት አላዳነም።

ጥቃቅን ነገሮች

አዲሱ ንጣፍ ላይ አንድ ቦታ አየር ታፍኖ ትንሽ አበጠ። በቀጭን መርፌ ወጋ አድርጎ በአውራ ጣት ወደ ቀዳዳው መግፋት በቂ ነው። ሰፋ ያለ እብጠት ከሆነ ግን ከሥሩ ያልጸዳ ቦታ አለ ማለት ነው፤ መርፌ አያድነውም።

ከበረዶ ሳጥኑ ሥር ጎድጓዳ ነበር። ሳጥኑን አንስቼ ሞቅ ያለ ውሃ ያለበት ጨርቅ አኖርኩበት፤ አብዛኛው ተመለሰ። ሳጥኑ ከእንግዲህ ጀልባዋ ስትቆም ይወርዳል። የጎማ ምንጣፍም ፎሙ ላይ አይነጠፍም። ጎማ ውስጥ ያለው ኬሚካል በሙቀት ወደ ፎሙ ይሻገርና የማይለቅ ቡኒ ምልክት ይተዋል።

አሁን ያለበት

ሽፋኑ ከገባ ወዲህ የመሪው ንጣፍ ክፍተት እንደተተወ ነው፤ ያው 5 ሚሊሜትር። ማዕዘኖቹ ተኝተዋል። የመስታወቱ ሽፋን ሲለብስ ወረቀቱ ላይ ቀስት አይታይም። ሽፋኑ ሥር በቀትር የለካሁት ፎም ከአየሩ 4 ዲግሪ ብቻ ይበልጣል።

የፊተኛው አሮጌ ንጣፍ ገና አልተቀየረም። ውሃ ወለዱን ቀብቼዋለሁ። ዳግም ዱቄት እስኪጀምር ይቆይ። ከአሸዋማው የተረፈውን ቁራጭ ሳልጠቀልል ዘርግቼ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ አንድ ማዕዘን ቢቀደድ ከዚያው ቀለም ይጠገናል። የቀረው ሥራ የሽፋኑን የኋላ መተንፈሻ ማስፋት ነው። እዚያ በኩል ሙቀቱ ከፊቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ መረቡን በእጥፍ አሰፋዋለሁ።